የአባባ መኪና ለምን አይሞቅም

ኅዳር 9

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ ጣቶቼ ደንዝዘው ብዕሩን በወጉ አልይዝ ብለውኛል፤ ከጽሑፌ ታውቅብኛለህ። የምጽፍልህ ከሆስፒታሉ ግቢ ነው፤ የአባባ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። እሳቸው ውስጥ ናቸው። የኩላሊት እጥበቱ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ በሳምንት ሦስት ቀን እንመላለሳለን።

"ለምን በስልክ አትነግሪኝም?" ብለሃል። ቤታችንን ረስተኸዋል ማለት ነው። አባባ "እንዴት አደሩ" ሲባሉ አይሰሙም፤ ስለ መኪናቸው ሲወራ ግን በሁለት ግድግዳ በኩል ይሰማሉ። ማሞቂያውን ሰው እንዳይነካው ስንት ዘመን እንደከለከሉ ታውቃለህ። እየነካካሁት መሆኔን ቢያውቁ አለቀልኝ። ስለዚህ ካንተ ወደብ የሚመጣው የዓሣ መኪና ሹፌር ደብዳቤያችንን ያመላልስልን። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ቤቱ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ሸተተ፤ ምንም አይደል።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። አዎ፣ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መሃል ድረስ ይወጣል። ማንሻውን እስከ ቀዩ ጥግ እገፋዋለሁ፣ ማራገቢያውም ይጮኻል። የሚወጣው ግን ያው ውጭ ያለው ብርድ ነው፤ አቧራ ተጨምሮበት።

አባባ ከእጥበት ሲወጡ ሰውነታቸው በረዶ ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ዳገት። ያችን ቡናማ ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ስበው ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ እየሰማሁ እነዳለሁ። ታክሲ እንዳትለኝ፤ የታክሲ ሽታ ያስመልሳቸዋል፣ ደግሞም "የራሴ መኪና እያለችኝ!" ይላሉ። ሐሙስ ዕለት ምን አሉኝ መሰለህ? "ከእንግዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃኛል። እጥበቱን እችለዋለሁ፤ ያልቻልኩት መንገዱን ነው።" ሐኪሟን ጠየቅኳት። "አንዷን ቀን ከተዉ ብዙ አይቆዩም" አለችኝ፣ እዚያው ኮሪደሩ ላይ በቁሟ።

እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ፤ የማውቀው ሙጫና ክር ነው። አንተ ግን የወደቡን ዓሣ ሁሉ በበረዶ የምታቆይ ባለሙያ ነህ። አንድ አባት ማሞቅ ያቅትሃል?

እህትህ


ኅዳር 18

እታለም፣

ዘገየሁብሽ፣ ይቅርታ። የሦስተኛው ቀዝቃዛ ክፍል ኮምፕሬሰር ተበላሽቶ ሦስት ቀን ከሥሩ አልወጣሁም። ውስጥ ካፖርት ለብሼ እሠራለሁ፣ ውጭ በሙቀቱ ሸሚዜ ገላዬ ላይ ይጣበቃል፤ ስገባ ስወጣ ጉንፋን ያዘኝ።

አባባ አሉ ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቢሆንም አይዞሽ፣ መፍትሔ አለው። መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ቀይሪ። ትልቁ የጎማ ቱቦ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ክዳን ሥር ያለች፣ የእጅ ሰዓት የምታህል ነገር ናት። ካረጀች ውሃው ሳይሞቅ ይዞራል። ቀጥሎ አየር አስወጪ፤ የፊት ጎማዎቿን ዳገት ላይ አድርገሽ ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ፣ ከዚያ አስነሺና አረፋው እስኪያልቅ ጠብቂ። ያም ካልሠራ ወደ ማሞቂያው የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በእጅሽ ንኪ። ሁለቱም ካቃጠሉሽ ውሃው እየዞረ ነው፤ ጥፋቱ ያለው አየሩን ወደ ሙቅ የምታዞረው ክዳን ላይ ነው ማለት ነው። ሥዕል አያይዤልሻለሁ፤ ድመት የሚመስለው ሞተሩ ነው።

በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አጥብበሽ ስለ ጋሽ ቆርቆሮ የጠየቅሽኝን አይቻለሁ። ራዲያተር በያጅና የአባባ ጓደኛ ከመሆናቸው በቀር እኔ ስለሳቸው ምን አውቃለሁ? ከአባባ ጋር ተጣሉ፣ ተለያዩ። ያኔ ልጅ ነበርኩ። እሳቸውን ተያቸውና ቴርሞስታቱ ላይ አተኩሪ።

ወንድምሽ


ኅዳር 27

ወንድሜ፣

ጉንፋንህ ተሻለህ? እኔ ጣቴን ልጬ፣ ጫማዬን በአረንጓዴ ውሃ ነክሬ፣ ቴርሞስታቱን ቀየርኩልህ። ፍለጋው ብቻ ሦስት ሱቅ አዞረኝ። የሆስፒታሉ ዘበኛ መጀመሪያ "እህቴ፣ ይህ ሆስፒታል እንጂ ጋራዥ አይደለም" ብሎ ሊያባርረኝ መጣ። አሁን ካቻቢቴ የሚያቀብለኝ እሱ ነው። አባባን ይዤ ስገባ ገና ከበሩ "ዛሬስ ምኗን ልናወልቅ ነው?" ብሎ በሹክሹክታ ይጠይቀኛል።

አየሩንም አስወጣሁ። ግማሽ ሰዓት አረፋ ስቆጥር ቆየሁ። አልሞቀም። ቱቦዎቹን ነካሁ፤ ሁለቱም እጅ ይልጣሉ። እንግዲያው ክዳኗ ናት አልኩና በአየር መውጫው በኩል እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ አወጣኋት። ጠርዟ ላይ የነበረው ስፖንጅ አርጅቶ እንደ ጥቁር ፍርፋሪ ይረግፋል፤ ለካ አባባ "መኪናዋ ታስነጥሰኛለች" የሚሉት ይህን ነው። ይኸኛው ደግሞ የኔ ሙያ ነው። የመጽሐፍ ጀርባ የምለብድበትን ጨርቅ ለክቼ በሙጫ አለበስኳት። አሁን እንደ መዝገብ ሽፋን ድምፅ ሳታሰማ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች።

ውጤቱን ልንገርህ? ድሮ ብርዱ ከየአቅጣጫው ነበር የሚወጣው። አሁን በሥርዓት ይወጣል።

ቆሽቴ አሯል፣ አልደብቅህም። ማክሰኞ ዕለት አባባ ከአልጋቸው አልነሳም አሉ። ጫማቸውን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ለመንኩ፣ አለቀስኩ። "መኪናዋ ካልሞቀች እኔ አልሞቅም፤ ተይኝ ልጄ" አሉ። ቀኑ እንደዚያው አለፈ።

ቀጥሎ ምን ላድርግ? ቶሎ በለኝ። ወይ ደግሞ ለምን ራስህ አትመጣም?

እህትህ


ታኅሣሥ 6

እታለም፣

እጅሽን አደራ በደንብ ታጠቢው፤ ያ አረንጓዴ ውሃ መርዝ ነው። ድካምሽን ሳስበው በራሴ አፈርኩ። ማክሰኞ አልሄዱም ያልሽው ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ።

አሁን የምጠረጥረው ኤሲውን ነው። ያቺ መኪና ኤሲ አላት እንዴ ብለሽ ትስቂ ይሆናል፤ አላት። አባባ ከገዟት በኋላ ያስገጠሙት ነው፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ሰማያዊ ቁልፍ ያለው። ምናልባት ሳይጠፋ ቀርቶ ሙቀቱን እያቀዘቀዘው ይሆናል። ኮፈኑን ክፈቺና ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ቺንጋ መኖሩን እዪ። ካለ ቁረጪው። ጋዝ ካለው ደግሞ በጥንቃቄ የሚያስወጣ ሰው ፈልጊ።

ሳጥኑን ግን አትክፈቺ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን የማሞቂያውን ሳጥን ማለቴ ነው። ብሎኖቹ ዝገዋል፣ ይሰበራሉ። ከተሰነጠቀ መለዋወጫ የለውም። አደራ።

ስለ መምጣቱ፣ አሁን የዓሣ ወቅት ስለሆነ አለቃዬ አይለቀኝም። በኋላ እናያለን። ለአባባ ደህንነቴን ንገሪያቸው፤ ወይም ተይው፣ ምንም አትበያቸው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ።

ቺንጋው የለም። ጋዙም የለም። ዘበኛው ኮምፕሬሰሩ ላይ የሸረሪት ድር አይቶ ከት ብሎ ሳቀ። መለዋወጫ ሻጩ ደግሞ "መለኪያው መሃል ላይ ከቆመ እኮ ቴርሞስታቱ ደህና ነበር፤ ማነው ቀይሪ ያለሽ?" አለኝ። ወንድሜ አልኩት። "ምን ይሠራል ወንድምሽ?" ሲለኝ አፈርኩና ዓሣ ነው የሚሸጠው አልኩት።

ከዚያ ደብዳቤዎችህን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ ደግሜ አነበብኳቸው። ሁሉን ንኪ ብለኸኛል። አንድ ነገር ብቻ አትንኪ ብለኸኛል።

ከፈትኩት። ብሎኖቹ አልዛጉም፤ በጣት ነው የዞሩት።

ሳጥኑ ባዶ ነው። አየሩን የምታሞቀው ትንሿ ራዲያተር መኖር ያለባት ቦታ ላይ ምንም የለም። ከሞተሩ የሚመጡት ሁለት ቱቦዎች በአንድ ጎባጣ የመዳብ ቧንቧ ተገናኝተዋል። ሙቁ ውሃ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይመለሳል፣ ለኛ የሚደርሰን ነገር የለም። ቧንቧው እንዳይንኳኳ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁን ፈታሁት። የኳስ ማሊያ ነው፤ ቁጥር አሥራ አራት፣ በቢጫ ክር የተሰፋ። የእማማን ስፌት የትም ባየው አውቀዋለሁ፤ መርፌ መያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሥራ አራት ቁጥር ማን እንደነበረ እኔ ልንገርህ?

አምስት ሳምንት በብርድ ጣቴን ስልጥ አንተ ታውቅ ነበር። ድመት የሚመስል ሞተር ትስልልኛለህ! አባባ ትናንትም አልሄዱም። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸዋል። ምን እንዳደረግክ ጻፍልኝ፤ ስለ ኤሲ አንዲት ቃል እንዳትጽፍልኝ።


ታኅሣሥ 23

እታለም፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ልጅ አልነበርኩም። ልጅ አንቺ ነበርሽ፣ ሰባት ዓመትሽ። አባባ ለሥራ ሳምንት ሄደው ነበር። ጋሽ ቆርቆሮ የትልቁን ራዲያተር ቀዳዳ ከበየዱት በኋላ መኪናዋን ከሱቃቸው ያመጣኋት እኔ ነኝ። አንቲፍሪዙን፣ ውሃው በብርድ እንዳይረጋ የሚያደርገውን ያን አረንጓዴ ፈሳሽ፣ በጠርሙስ ሰጡኝና "ዛሬውኑ ጨምርበት፤ ማታ ውርጭ ይጥላል" አሉኝ። እሺ አልኩ። እኔ የቸኮልኩት መኪናዋን ለአንዲት ልጅ ለማሳየት ነበር፤ የቧንቧ ውሃ ሞልቼ ሄድኩ። ጠርሙሱ ከወንበሩ ሥር ቀረ። ጠዋት ስነሳ ትልቁ ተርፏል፣ ትንሿ ግን ውሃው በውስጧ ረግቶ ፈንድታለች።

አወጣኋት። ቧንቧውን እንደነገሩ በይጄ አገናኘሁ፣ ማሊያዬን ጠቀለልኩበት፣ ዘጋሁት። የፈነዳችውን ወንዝ ውስጥ ጣልኳት። አባባ ሲመለሱ መኪናዋ አትሞቅም፤ የነኳት ደግሞ ጋሽ ቆርቆሮ ብቻ ናቸው። ሱቃቸው ድረስ ሄደው፣ ደንበኞቻቸው ቆመው እየሰሙ፣ "እጅህ ብየዳ አያውቅም፤ መኪናዬን ገደልክብኝ" አሏቸው። ጋሽ ቆርቆሮ "ሳጥኑን ክፈተውና አብረን እንየው" አሉ። አባባ "ሁለተኛ አትነካትም" አሉ። እኔ ከአባባ ኋላ የመኪናዋን ቁልፍ ይዤ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ትበቃ ነበር፤ አልወጣኝም። ነገ እናገራለሁ አልኩ፣ በነጋታውም ነገ አልኩ። ከዚያ ሥራ አገኘሁ ብዬ እዚህ መጣሁ።

የተናገርሽኝ ሁሉ ይገባኛል፤ ብትጨምሪበትም ድምፄን አላሰማም። ግን አባባ ይሙቁ። የዚያች መኪና ማሞቂያ ከገበያ ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። በእጁ ሊሠራት የሚችል አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። በሕይወት ካሉ።

ወንድምሽ


ጥር 1

ወንድሜ፣

በሕይወት አሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የመበየጃውን እሳት ሲይዙ ግን ቀጥ ይላል። አወቁኝ። ትንሽ ሳለሁ ከቆርቆሮ ቁራጭ የምታፏጭ ወፍ ሠርተውልኝ ነበር፤ ገና ስገባ "ወፏስ?" አሉኝ። ለምን ድንገት መምጣት እንዳቆሙ በዚያ ዕድሜዬ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ቧንቧውን ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄደው አገላብጠው አዩት። "ይህ የኔ ብየዳ አይደለም" አሉ። የአንተን ነገር አልነገርኳቸውም፤ ማሊያውን ግን አብሬ ይዤው ነበርና አይተው የማን እንደሆነ አወቁት። ቁጭ አሉ። "ሃያ ስድስት ዓመት" አሉኝ፣ "ያቺ መኪና በመንገድ ባለፈች ቁጥር እጄ ምን አጥፍቶ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ።" አንተ ብትኖር አንተ ትመልስ ነበር።

ይሠሯታል። በአምስት ቀን ትደርሳለች። ግን "ስሜ ሳይመለስ ከዚህ ቤት አትወጣም" አሉ። "አንቺም እንዳትነግሪው። ያጠፋው ይንገረው።" ለመንኳቸው፣ አባባ እንዳይሞቱብኝ አልኳቸው። "እኔስ?" አሉኝ፣ "እኔስ ጓደኛዬ እንደተቀየመኝ እንዲሞትብኝ ነው የምፈልገው?"

ስለዚህ ጻፍ። ለኔ ሳይሆን ለአባባ። አታስረዝመው፣ አታሳምረው። ልጅ ነበርኩ እንዳትል።

እህትህ


ጥር 9

እታለም፣

አብሮ የታሸገው የአባባ ነው። አንቺው አንብቢላቸው፤ "መነጽሬ ጠፋ" ብለው እንዳያሳድሩት። አራት ገጽ ጽፌ ነበር፣ ሰበቡን ስሰርዝ አንድ ገጽ ቀረ።

በየትኛው ቀን ላንብብላቸው ትይኝ ይሆናል፤ እኔ ምን ብዬ ቀን እመርጣለሁ? አንቺ በመረጥሽው ቀን። ያሉትን ግን ጻፊልኝ፤ ከሰደቡኝም ስድቡን ሳትቀንሺ።

ወንድምሽ


ጥር 21

ወንድሜ፣

ሹፌሩን ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ስለመለስኩት እንቅልፍ አጥተሃል አሉ። እሰይ። ትንሽ ይድረስህ ብዬ ነው።

ያነበብኩላቸው ማሽኑ ላይ እያሉ ነው። ክንዳቸው ላይ ቱቦ ተሰክቶ አራት ሰዓት ታስረዋል፤ ተነሥተው የሚሄዱበት የለም። ተንኮል ነው፣ አውቃለሁ። ስጨርስ "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው የተናገሩት። "ለአንዲት ራዲያተር አንድ ቀን እጮኽበት ነበር። ቢበዛ ሁለት ቀን። በቃ፣ ይኸው ነበር። እሱ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ጓደኛዬን ወሰደብኝ።" ከዚያ "ወደ ቆርቆሮ ቤት ንጂ" አሉኝ።

ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም። ጋሽ ቆርቆሮ ቀና ብለው አዩዋቸውና "ግባ፣ ይበርድሃል" አሉ፤ ትናንት የተለያዩ ይመስል። አባባ እምቢ አሉ። "የሰደብኩህ ሰው ፊት ነው። ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ።" ከእጥበት ወጥተው፣ በዚያ ብርድ፣ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ በርሜል ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ጋሽ ቆርቆሮ ራሳቸው ተናደው መንገድ ወጡና አላፊ አግዳሚ መጥራት ጀመሩ። ሁለት ሹፌሮችና ባልዲዋ የተቀደደባት አንዲት ሴት መጡ። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። "የዚህ ሰው እጅ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው የኔ ቤት ነው። የሰደብኩትም እኔ ነኝ" አሉ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት "ታዲያ ባልዲዬስ?" አለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይተው ሳቁ፣ ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ። ባልዲው በነፃ ተበየደ።

መኪናዋ ትሞቃለች። ትሞቃለች ስልህ ትጠብሳለች። የማንሻው ሽቦ ተበጥሶ ውሃውን የሚዘጋው ቫልቭ ክፍት ቀርቷል፤ ማጥፋት አይቻልም። አባባ ሦስቱንም ቀን ይሄዳሉ፣ የእግራቸው እብጠት ጎድሏል። ጋሽ ቆርቆሮ "ብየዳዬን ልፈትሽ" እያሉ ከኋላ ወንበር አይጠፉም። አንዱ መስኮት ይከፍታል፣ አንዱ ዝጋ ይላል፣ እኔ መሃል ላይ እበስላለሁ። ዘበኛው ሥራ ፈትቶ ከፍቶታል።

"ስለኔስ ምን አሉ?" ብለህ እየጠበቅክ ይሆናል። ምንም አላሉም። እስከ ትናንት ስምህን አልጠሩም። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ የኔም ንዴት ገና አልወጣልኝምና ልዋሽህ አልፈልግም። ትናንት ዳገቱን ስንወጣ ላባቸውን እየጠረጉ "ጻፊለት" አሉኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። "ሙቀቱን አግኝተናል በይው። ማቀዝቀዝ የሱ ሥራ ነው። የኤሲ ጋዝ ደግሞ በፖስታ አይላክም።"

ቤት ስንደርስ ያችን ቡናማ ብርድ ልብስ አራግፈው አጠፏት። ወደ ቤት ላስገባት እጄን ስዘረጋ ከለከሉኝና የኋላው ወንበር ላይ አስቀመጧት።

"እዚሁ ትቀመጥ" አሉ። "ከሙቀት አገር የሚመጣ ሰው አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ይበርደዋል።"

እህትህ